ልጆቻችን የሚሥሉትና የሚጽፉት

የማታ ትምህርት ሲጀመር እናቶች ብቻቸውን አይመጡም። አንዱን ልጅ ያዝላሉ፤ ሌላውን በእጃቸው ይይዛሉ። እናት ፊደል ስትቆጥር ልጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከሰል ያነሣል። መሬቱን ይጭራል፤ ግድግዳውን ይጭራል። አንዳንዱም የእናቱን ደብተር ሳብ አድርጎ ከ«ሀ ሁ ሂ» አጠገብ ላም ያቆማል።

እኛ አስተማሪዎች ይህን ስናይ ደስ ይለናል። ወላጆች ግን ሁልጊዜ ደስ አይላቸውም። «ተው አንተ ልጅ! ቤቱን አጠቆርከው!» ሲባል በየማታው እንሰማለን። አንድ አባትማ ለበዓል በተለቀለቀ ግድግዳ ላይ በሬ የሣለ ልጃቸውን በአርጩሜ ገረፉት። በሬው ቀንዳም ነበር፤ ሻኛውም በደንብ ወጥቶለት ነበር። አባትዬው ግን በሬውን አላዩትም። ያዩት ጥቁረቱን ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ሳምንት ስለዚሁ እንነጋገር። ልጆች ለምን ይሥላሉ? ቢሥሉስ ምን ይጠቅማቸዋል? ፊደል የቆጠሩት ደግሞ ለራሳቸው ቢጽፉ ምን ይገኛል?

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። እውነት ነው፤ አይበቃም። ነገር ግን ሊጥ ነክታ የማታውቅ ልጅ አንድ ቀን ብድግ ብላ እንጀራ አትጋግርም።

ሌላም ቅሬታ አለ። ይህኛው ቀላል አይደለም። ደብተር በገንዘብ ነው የሚገዛው። እረኛ ሥዕል ሲሥል በጉ ገብስ ውስጥ ይገባል። ገብሱ የጎረቤት ከሆነ ደግሞ ካሳ አለ፤ ጠብ አለ። ይህን የሚሉ ወላጆች ትክክል ናቸው። እኛም ልጆች ሥራቸውን ትተው ይሣሉ አንልም። ሥራ ካለቀ በኋላ፣ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሰዓት ትበቃለች።

እጃችን የሚያውቀው ሥራ

«ሥዕል የከተማ ነገር ነው፤ የተማረ ሰው ነገር ነው» የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ሞሰብ የምትሰፋ እናት ምን ታደርጋለች? ስንደዶውን ታዘጋጃለች። ከፊሉን በቀለም ነክራ አለላ ታደርጋለች። ከዚያ በወረቀት ላይ ሳትነድፍ፣ በሐሳቧ ብቻ ቆጥራ፣ ቀዩን ከአረንጓዴው ጋር ታዋድዳለች። አንድ ቦታ ቁጥሩን ከሳተች መልኩ እንደሚበላሽ ታውቃለች። ይህ ሥነ ጥበብ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ሸማኔውስ? የቀሚሱን ዳር አሳምሮ ሲሠራው ምን ብለን ነው የምንጠራው? «ጥበብ» እንለው የለም እንዴ!

አባቶችም እስቲ ልጅነታችሁን አስታውሱ። ከብት ስትጠብቁ ከጭቃ በሬ ያልሠራ ማን አለ? ቀንበሩን ከስንጥር ሠርታችሁ ሁለቱን በሬዎች ጠምዳችኋል። አርሳችሁም ነበር። ያን ጊዜ ማንም አላስተማራችሁም። እርሻን ግን በእጃችሁ እያሰባችሁት ነበር።

ልጅ እንዴት ይሥላል?

ልጅ የሚሥለው እንዲያው በዘፈቀደ ይመስላል። ነገር ግን መንገድ አለው። ልጆችን ያጠኑ ሰዎች በብዙ አገር ያዩት ተመሳሳይ ነገር ነው።

ሕፃን 2 ዓመት ገደማ ሲሆነው ይሞነጫጭራል። እጁ በሄደበት ምልክት መቅረቱ ብቻ ያስደስተዋል። ወደ 3 ዓመት ሲጠጋ መስመሩን አዙሮ ክብ ይዘጋል። ያ ክብ አንድ ቀን ሰው ይሆናል። ሁለት ዐይን ይገባበታል። ከክቡ ሥር ሁለት እግር ይወርዳል። ሆድ ግን የለውም። «ሆዱስ የት አለ?» ብላችሁ አትሳቁበት። ሆዱ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

5 እና 6 ዓመት ሲሆነው ብዙ ጊዜ ትልቅ አድርጎ የሚሥለው የሚወደውን ወይም የሚፈራውን ነው። በእኛ ጣቢያ አንድ ልጅ ውሻ ሣለ። ውሻው ከቤቱ ይበልጥ ነበር። «ለምን እንዲህ ተለቀ?» ብንለው «ይናከሳላ!» አለን። ሌላዋ ልጅ ቤት ሣለች። ግድግዳው አልጋረዳትም። በውስጥ ያለው ምድጃ፣ ጀበናው፣ የታሰረችው ጥጃ፣ ሁሉም ይታያል። ልጅ የሚሥለው ዐይኑ ያየውን ብቻ አይደለም። የሚያውቀውን ጭምር ነው።

ታዲያ ትልቅ ሰው ምን ያድርግ? ከሰሉን ነጥቆ «በሬ የሚሣለው እንዲህ ነው» አይበል። እንዲህ ካለ ልጁ ከዚያ በኋላ የአባቱን በሬ እየሠራ ይኖራል፤ የራሱን ይተወዋል። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ማለትም ልጅን ያሳፍራል። «እስቲ ስለ ሥዕልሽ ንገሪኝ» ይሻላል። ከዚያ ዝም ብሎ መስማት ነው። እኛ ይህን ሞክረን አይተነዋል። ከአስተማሪ ፊት ቃል የማይወጣቸው ልጆች ሥዕላቸውን ይዘው ሲቆሙ ማቆሚያ የላቸውም።

ለፊደልም ይጠቅማል። እናንተ ራሳችሁ የመጀመሪያ ቀን ምን ነበር የሠራችሁት? «ሀ»ን አልነበረም። መስመር ነበር፤ ክብ ነበር፤ መስቀል ነበር። በኋላ ክቡ «ዐ» ሆነ፤ መስቀሉ «ተ» ሆነ። «እርፍ የለመደ እጅ እርሳስ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል» ብላችሁን ነበር። ልጆቻችሁ በከሰል ሲጭሩ እጃቸው ከወዲሁ እየተገራ ነው። ወይፈን ከእርሻ ቀን በፊት ይገራ የለም?

ቀለም ከየት ይመጣል?

ቀለም ለማግኘት የግድ ወደ ሱቅ መሄድ የለብንም።

ጥቁር በየቤቱ አለ። ከሰል አለ። ከድስት ቂጥ የሚፋቅ ጥላሸትም አለ። ጥላሸቱን አድቅቆ በውኃ መበጥበጥ ነው። ውኃ ብቻ ከሆነ ሲደርቅ ይረግፋል። ስለዚህ የግራር ሙጫ ለብ ባለ ውኃ አሟሙቶ ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። ሙጫው ቀለሙን ከወረቀቱ ጋር ያጣብቀዋል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በብራና ላይ የሚጽፉ ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለማቸውን በጥላሸት ሲያዘጋጁ ኖረዋል። የቅዱሳንን ስም ደግሞ በቀይ ይጽፋሉ። የቁርኣን ተማሪዎችም በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ትምህርቱን ሲይዙት ሰሌዳውን አጥበው እንደገና ይጽፉበታል። ይህ ለእኛም ጥሩ ዘዴ ነው። አንድ ለስላሳ ጣውላ ያለው ልጅ ወረቀት ባይኖረውም ዕድሜ ልኩን ሊሥል ይችላል።

ቀይ ከቀይ አፈር ይገኛል። አፈሩን መንፋት፣ ጠጠሩን መለየት፣ መበጥበጥ። እናቶች እጃቸውን የሚያቀሉበት የእንሶስላ ሥርም አለ። ቢጫ ከእርድ ይገኛል። ነጭ ቤት ከሚለቀለቅበት ነጭ አፈር ይገኛል። አመድ ግራጫ ይሰጣል። አረንጓዴ ቀላል ይመስላል እንጂ አስቸጋሪ ነው። ቅጠል ተጨምቆ ሲቀባ ያምራል፤ ውሎ ሲያድር ግን ይጠወልጋል። ልጆቹ ይህን ካዩ በኋላ የቅጠል ዓይነት እያመጡ የትኛው እንደሚቆይ ይፈትኑ ጀመር። እኛ አላዘዝናቸውም።

ብሩሽስ? መፋቂያ ነዋ! የመፋቂያውን ጫፍ አኝኮ ማድቀቅ ነው። የዶሮ ላባም ይሆናል። ወረቀት ከጠፋ የሳሙና ካርቶን አለ። ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባው ነጭ ነው። ሰፊ ድንጋይም ወረቀት ነው፤ ዝናብ ያጥበዋል።

ግድግዳን በተመለከተ ከላይ ያነሣናቸው አባት አንድ መላ አገኙ። የበጎቹን ቤት የውጭ ግድግዳ ለልጃቸው ሰጡት። «ይህ ያንተ ነው፤ የዋናውን ቤት ግን እንዳትነካ» አሉት። ግድግዳው ሲሞላ ይለቀለቃል፤ ልጁም እንደገና ይጀምራል። አሁን የሠፈሩ ልጆች ሁሉ እዚያ ናቸው። አባትዬው «በጎቼ የቤተ መንግሥት በግ ሆኑ» እያሉ ይስቃሉ።

ሁለት ነገር ግን አጥብቃችሁ ከልክሉ። አንደኛው ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ውስጥ ያለው ጥቁር ዱቄት ነው። ሰሌዳ ለማጥቆር ሲጠቀሙበት አይታችሁ ይሆናል። ጎጂ ነገር አለበት፤ ልጅ በእጁ መንካት የለበትም፤ ወደ አፉም ይገባል። ሁለተኛው የቁልቋል ወተት ነው። ዐይን ውስጥ ከገባ ዐይን ያጠፋል።

የአንኮበሩ ልጅ

እኛ የምናስተምረው በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከአንኮበር ብዙም ሳይርቅ ነው። በዚያች በአንኮበር በ1925 ዓ.ም. አንድ ልጅ ተወለዱ። ስማቸው አፈወርቅ ተክሌ ይባላል። በ15 ዓመታቸው ገደማ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። ማዕድን ማለት ከመሬት ውስጥ የሚወጣ እንደ ወርቅና ብረት ያለ ነገር ነው። እዚያ ግን ልባቸው ወደ ሥዕል አደላ። በለንደን ከተማ ሥዕል ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም ትልቅ ሠዓሊ ሆኑ።

አዲስ አበባ ውስጥ የአፍሪካ አዳራሽ የሚባል ሕንፃ አለ። በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። መስኮቱ ተራ መስታወት አይደለም። ቀለም ያለው መስታወት እየተገጣጠመ ሥዕል ሆኖበታል። የአፍሪካ ሕዝብ ያለፈውን፣ የአሁኑንና የወደፊቱን ያሳያል። ሦስቱ ሥዕሎች አንድ ላይ 150 ካሬ ሜትር ናቸው። ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 15 ሜትር የሆነ ቦታ በሐሳባችሁ ለኩ፤ ያን ያህል ነው። ይህን የሠሩት የአንኮበሩ ልጅ ናቸው። በ2004 ዓ.ም. ዐረፉ። ሥራቸው ግን ዛሬም ፀሐይ ሲመታው ይበራል።

ይህን ስንናገር አንድ እናት ወዲያው «እንግዲያው የኔም ልጅ እንዲህ ይሆናል?» አሉን። ላይሆን ይችላል እማማ። አብዛኛው ልጅ ሠዓሊ አይሆንም። ገበሬ ይሆናል፣ ነጋዴ ይሆናል፣ ነርስ ትሆናለች። ገበሬም ቢሆን እኮ ጎርፍ ማሳውን ሲወስድበት ቦዩን በየት በኩል እንደሚያዞረው መጀመሪያ በሐሳቡ መሣል አለበት።

የውሎ ደብተር

ማንበብና መጻፍ ለጀመሩ ልጆች ሌላ ሥራ ሰጥተናቸዋል። «የውሎ ደብተር» እንለዋለን። አሠራሩ ቀላል ነው። 8 ሉክ ወረቀት አንድ ላይ ይታጠፋል። መሐሉ በመርፌና በክር ይሰፋል። 32 ገጽ ይወጣዋል። ልባሱን ልጁ ራሱ ይሥልበታል።

በየገጹ ራስ ላይ ቀን ይጻፋል። ከዚያ ሦስት መስመር ብቻ። ወይም ሥዕልና አንድ መስመር። ዛሬ ምን ሰማሁ? ማን አሳቀኝ? ነገ ምን ቢሆን እወዳለሁ? እኛ ይህን ደብተር አናርምም። ቀይ እስክሪብቶ አናነሣም። ፀሐይ በየትኛው «ጸ» ትጻፍ ብለንም አንጨነቅም፤ ትልልቆቹም ገና አልተስማሙበትም። እርማት በትምህርት ደብተር ላይ ይሆናል። ይህኛው የልጁ ነው።

የሚጽፉት ያስገርማል። አንዱ የበጎቹን ስም ሁሉ ከነጠባያቸው ጻፈ። ሌላው የአያቱን ተረት ጀምሮ መጨረሻውን በራሱ ለወጠው፤ ጅቡ አልሞተም። አንዲት ልጅ እንቆቅልሽ ፈጠረች። «በር ሳይከፍት ከቤት ይወጣል፤ ወጥቶም አይመለስም።» ምን አውቅልሽ? ጢስ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ አሳሰበን።

የ9 ዓመት ልጅ ናት። ሰኔ ላይ ከትምህርት ቤት ስትቀር ስትቀር ከረመች። «ሆዴን ያመኛል» ትላለች። እናቷ በቡና ላይ ጤና አዳም እየጣሉ ያጠጧታል። አባቷ «ስንፍና ነው» ይላሉ። እንዲሁ እንዳሉ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ልጅቱ ወደ እኛ መጣች፤ ደብተር ሰፋች፤ መጻፍ ጀመረች። ማታ ማታ ትጽፍና ከመደቡ ሥር ትሸሽገዋለች።

እናቷ ከተማሪዎቻችን አንዷ ናቸው። በዚህ ዓመት ነው ማንበብ የቻሉት። አንድ ማታ ከትምህርት በኋላ ቀሩና «ልጄ የምትጽፈውን ላንብበው ወይስ ተዉኝ ትላላችሁ? አሁን እችላለሁ እኮ» አሉን። ጥያቄው ከባድ ነበር። እኛም ተመካከርን። በመጨረሻ «እሷን ጠይቋት፤ እሺ ካለች ያንብቡ» አልናቸው።

ልጅቱ ሁለት ቀን እምቢ አለች። በሦስተኛው ቀን ደብተሩን እናቷ ጉልበት ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። እናትየው በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለዩ አነበቡ። እንዲህ ይላል።

«ሰኔ ላይ የቀረሁት አሞኝ አይደለም። ወንዙ ሞልቶ ነው። ወንድሜ ዘሎ ይሻገራል። እኔ እፈራለሁ። ሲስቅብኝ አሞኛል አልኩ።»

ከሥሩ ወንዙ ተሥሏል። በጥላሸት ነው የተሣለው፤ ገጹን ሞልቶታል። በዳር በኩል አንዲት ትንሽ ልጅ ቆማለች።

እናትየው ይህን ሲነግሩን «ጤና አዳሙን ሁሉ በከንቱ ጨረስኩት» ብለው ሳቁ። ቀጥለው አለቀሱ። በማግሥቱ ከልጃቸው ጋር መሻገሪያው ድረስ ወርደው አዩት። ውኃው ለእሳቸው እስከ ጉልበት ነው፤ ለልጅቱ ከጉልበት በላይ ነው። አባትየውም ነገሩን ሰምተው ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። አሁን ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ተቆርጦ ደጃቸው ላይ ተጋድሟል። ትምህርት ቤት ሳይከፈት ወንዙ ላይ እንጥለዋለን ብለዋል። በዚያ መሻገሪያ የሚያልፉት የእሳቸው ልጆች ብቻ አይደሉም።

ይህን ያወጣነው ልጅቱም እናቷም ከፈቀዱልን በኋላ ነው።

ስለ ማንበብ ጉዳይ ጥቂት እንጨምር። ማንበብ የቻለ ወላጅ አዲስ ጉልበት አግኝቷል። በዚህ ጉልበት የልጁን ደብተር በስውር ከፍቶ ቢያነብና «ይህን ለምን ጻፍሽ?» ብሎ ቢቆጣ፣ ልጅቱ ከነገ ጀምራ የምትጽፈው ደስ የሚለውን ብቻ ነው። ወንዙን አትጽፍም። በተለይ ስለ እኛ ስለ ትልልቆቹ የጻፉትን ስናገኝ ትዕግሥት ያስፈልጋል። አንድ ልጅ «አባቴ ጠላ ሲጠጣ ድምፁ ይለወጣል» ብሎ ጻፈ። አባትየው አነበቡና ደብተሩን አጥፈው መለሱለት። ምንም አላሉም። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ የእሳቸው ጉዳይ ነው።

«ልጄ ገና ትንሽ ነው፤ ፊደል አያውቅም» ለምትሉ ደግሞ ለእናንተ ጥሩ ልምምድ የሚሆን ሥራ አለ። ልጁ ይሣል። ከዚያ ስለ ሥዕሉ ይንገራችሁ። እናንተ ከሥሩ ጻፉለት። የእሱን ቃል እንዳለ ጻፉ፤ አታሳምሩት። መልሳችሁም አንብቡለት። እኛ ጣቢያ ያሉ እናቶች በዚህ ሳምንት 11 ሥዕል ጽፈው አምጥተዋል። አንዱ የ4 ዓመት ልጅ ሥዕል ነው። አንድ ክብ አለ፤ ከክቡ ሥር እስከ ወረቀቱ ጫፍ የሚደርስ ሁለት እግር አለ። እናቱ በእርሳስ፣ ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጋ፣ እንዲህ ጽፋለታለች፦ «ይህ አባዬ ነው። እግሩ የረዘመው ገበያ ሩቅ ስለሆነ ነው።»